ባለሜዳና እንግዳ

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ወደ ሐራ ወርጄ ነበር። ሐራ፣ ለማያውቃት አንባቢ፣ በሰሜን ወሎ ከወልዲያ ብዙም ሳትርቅ፣ ደገኛውና ቆለኛው እህሉንና ከብቱን ይዞ የሚገናኝባት፣ ሙሉ ስሟም ሐራ ገበያ የሚባል ትንሽ ከተማ ናት። ከለቅሶው ቤት ማዶ ሁለት ልጆች በሁለት እንጨት መካከል ገመድ ወጥረው ባድሜንተን ይጫወታሉ። ራኬታቸው የገበያ ፕላስቲክ ነው፤ የላባዋ ኳስም ላባዋ ግማሽ በግማሽ ተነቅሏል። አንደኛው ሲመታት ነፋሱ ይቀበልና ወደ መንገዱ ይዟት ይሄዳል፤ ልጁም ተከትሏት ይሮጣል። ከመጫወት ይልቅ መሮጡ ይበዛል።

አጠገቤ የተቀመጠው የልጅነት ጓደኛዬ የስፖርት መምህር ነው። ልጆቹን ሲመለከት ቆየና፣ «አየህ፣ አንድ ቀን የክልሎችን የባድሜንተን ሻምፒዮና እዚህ እናስተናግዳለን» አለኝ። ሳቅሁ። ለቅሶ ላይ መሆኔ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አፈርሁ። «በምን አዳራሽ?» አልሁት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «አዳራሹማ ገንዘብ ሲገኝ ይሠራል። እኔን የሚያሳስበኝ አዳራሹ አይደለም» አለና ዝም አለ።

ምን እንደሚያሳስበው አልጠየቅሁትም፤ የሰሜን ወሎ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ያንኑ ነው።

በቅድሚያ ግን ስለ አዳራሹ ጥቂት ልበል። ባድሜንተን በሜዳ ቢጫወቱት ልጆቹን ያየንባቸው ዓይነት ሩጫ ይሆናል። ለውድድር የምትቀርበው ኳስ 16 ላባዎች አሏት፤ ክብደቷ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ብቻ ነው። በተከፈተ መስኮት የገባ ነፋስ እንኳ ከመንገዷ ያወጣታል። ስለዚህ ጨዋታው አራት ግድግዳና ከፍ ያለ ጣሪያ ይፈልጋል። የመጫወቻው ርዝመት 13.40 ሜትር፣ ስፋቱ 6.10 ሜትር ነው፤ የመረቡ ቁመት በቋሚዎቹ ዘንድ 1.55 ሜትር ነው። የቡድን ውድድር ሲሆን ሁለት ቡድኖች አምስት ጨዋታ ይያዛሉ፤ ሦስቱ የነጠላ፣ ሁለቱ የጥንድ ነው። ሦስት ያሸነፈ ቡድን አለፈ ማለት ነው። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ሃያ ሺሕ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አያስፈልግም። ጓደኛዬ «ይሠራል» ማለቱ ከንቱ ተስፋ አልነበረም።

ስሙም ቢሆን ከአዳራሽ የመጣ ነው። በሕንድ አገር የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች፣ በተለይም በፑና ከተማ፣ ይህን ጨዋታ ይጫወቱት ነበር። ወደ አገራቸው ይዘውት ከተመለሱ በኋላ የቦፎርት መስፍን በግሎስተርሸር ግዛት ባለው ቤቱ እንግዶች ስለተጫወቱት፣ ጨዋታው በቤቱ ስም «ባድሜንተን» ተብሎ ቀረ ይባላል። በእንግዳ ማስተናገጃ ስም የሚጠራ ስፖርት ከዚህ ሌላ አላውቅም።

ነገር ግን ይኸው ጨዋታ በዓለም ላይ ከታዩት አሳፋሪ መስተንግዶዎች አንዱን አይቷል። የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖች የሚወዳደሩበት የቶማስ ዋንጫ የመጀመሪያ ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1948 እና 1949 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967፣ በእኛ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም.፣ የፍጻሜው ባለሜዳ ኢንዶኔዥያ፣ እንግዳዋም ጎረቤቷ ማሌዥያ ሆነች። ሁለቱ አገሮች ከ1963 እስከ 1966 (እ.ኤ.አ.) በድንበርና በፖለቲካ ተጣልተው ጦር ተማዝዘው ነበር፤ ከታረቁ ገና አንድ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። ያን ጊዜ የፍጻሜው ግጥሚያ ዘጠኝ ጨዋታ ነበረው። በጃካርታ አዳራሽ ማሌዥያ 4 ለ 3 እየመራች ሳለ የተመልካቹ ጩኸትና ረብሻ እንግዶቹን አላጫውት አለ። ዋና ዳኛው ኸርበርት ሺል ጨዋታውን አስቆሙ። የዓለም ፌዴሬሽኑ የቀረው በሩቅ አገር፣ በኒው ዚላንድ፣ ይለቅ ቢል ኢንዶኔዥያ እምቢ አለች። ዋንጫው በ6 ለ 3 ውጤት ለማሌዥያ ተሰጠ።

ልብ በሉ፤ በዚያን ዘመን ኢንዶኔዥያን የሚያህል ተጫዋች ያለው አገር እምብዛም አልነበረም። በራኬት ልታሸንፍ የምትችለውን በጩኸት ተሸነፈች። ከሦስት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው ማሌዥያ፣ ኳላ ላምፑር ድረስ ሄዳ 7 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን መለሰች። በእንግድነት ያገኘችውን በባለቤትነት ማግኘት አቅቷት ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛ በማስተናገድ የምናፍር ሕዝብ አልነበርንም። በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳና በወቅቱ የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብጽ እንግዶቻችን ነበሩ። ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፍን፤ በፍጻሜውም ጥር 13 ቀን ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት እንደዚሁ 4 ለ 2 ረታን። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። ዋንጫውንም ሉቻኖ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። ከፍጻሜው በፊት ዋንጫውን በጣሊያን ስም የሚጠራ ሰው እንዳይቀበል አምበልነቱን ለሌላ እንዲያስረክብ የፈለጉ ሹማምንት ነበሩ፤ ይድነቃቸው ግን እምቢ አሉ ተብሎ ይተረካል። በዚያ በደስታ ቀን እንኳ «የቤቱ ልጅ ማነው? እንግዳውስ?» የሚለው ጥያቄ ከሜዳው ዳር ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ይህን ድል ሁላችንም እናስታውሳለን። የምንረሳው ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ድግሶች ነው። በጥር 1960 ዓ.ም. አዲስ አበባና አሥመራ እንደገና አስተናገዱ፤ በግማሽ ፍጻሜው ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈችንና ዋንጫውን ይዛ ሄደች። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባና ድሬዳዋ አስተናገዱ፤ ቡድናችን ከምድቡ እንኳ ማለፍ አልቻለም። ሞሮኮ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጥታ ዋንጫውን ያነሣችው በእኛ ከተማ፣ በእኛ ሜዳ፣ እኛ በሌለንበት ጨዋታ ነው። ለእኔ ከ1954ቱ ዋንጫ ይልቅ የአስተናጋጅነታችን ማስረጃ ይኸኛው ነው። አሸናፊ ሆኖ ድግስ መደገስ ማን ያቅተዋል? የከበደው በገዛ ቤት ተሸንፎ እንግዳን እስከ ደጅ መሸኘት ነው።

የባድሜንተኑንም ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። በየካቲት 2004 ዓ.ም. የአፍሪካ የባድሜንተን ሻምፒዮና አዲስ አበባ ላይ፣ አራት ኪሎ ባለው የስፖርት ማሠልጠኛ አዳራሽ ተካሂዷል። አገሮች በቡድንም በግልም ተወዳደሩ። ኢትዮጵያ በዚህ ስፖርት ገና ጀማሪ ነበረች፤ ታሸንፋለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም። በወንዶችም በሴቶችም ቡድን አሸንፋ በቻይናዋ ዉሃን ወደተካሄደው የዓለም ውድድር ያለፈችው ደቡብ አፍሪካ ናት። ይህችን ደቡብ አፍሪካ አስቧት። እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከግብጽ፣ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር አራተኛ መሥራች ልትሆን ተጠርታ፣ ጥቁሩንና ነጩን በአንድ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከውድድሩ የቀረች አገር ነበረች። ከኮንፌዴሬሽኑ መሥራቾች አንዱ የሆኑትና ከ1972 እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 (እ.ኤ.አ.) በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው በዚህ ጉዳይ ዕድሜ ልካቸውን ሲታገሉ ኖሩ። አፓርታይድ ወድቆ የዚያች አገር ልጆች በእንግድነት አራት ኪሎ ድረስ መጥተው አሸንፈው ሲሄዱ፣ አዲስ አበባ የተከበረችው በመረቡ ላይ ባገኘችው ነጥብ ሳይሆን በሩን ከፍታ በመቀበሏ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ጓደኛህን ምን አሳሰበው?» ሊለኝ ይችላል። እስካሁን የጠቀስኋቸው እንግዶች ሁሉ ከሩቅ የመጡ ናቸው። የሩቅ እንግዳ አያስቸግርም፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ተመርቆ ይሄዳል። ከእርሱ ጋር የድንበር፣ የአፈር፣ የትናንት ሒሳብ የለንም። ችግሩ እንግዳው የቅርብ ሲሆን፣ ደረቱም ላይ የአንድ አካባቢ ስም ተጽፎ ሲመጣ ነው። ይህ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በንጉሡ ዘመን በአሸናፊዎች ዝርዝር ውስጥ ሐማሴንና አካለ ጉዛይ የሚሉ የአውራጃ ስሞች እናገኛለን። ስሙ በራሱ ኃጢአት የለበትም፤ ሰው በአገሩ ስም ቢጫወት ምን ይገርማል? ነገሩ የሚበላሸው ተመልካቹ ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች በስተጀርባ ሌላ ጦር የተሰለፈ ሲመስለው ነው።

በጥር 2009 ዓ.ም. በወልዲያ ከ25 ሺሕ በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመ ስታዲየም ተመረቀ። እንደዚያ ያለ ሜዳ በአገሪቱ ውስጥ ስንት ነበር? ደስታችን ወሰን አልነበረውም። እኔም አዲስ አበባ ሆኜ ሥዕሉን ለሥራ ባልደረቦቼ እያሳየሁ፣ «ይህ የእኛ አገር ነው» ስል ከረምሁ። ከምርቃቱ ዓመት ሳይሞላው፣ በኅዳር 2010 ዓ.ም.፣ የወልዲያና የመቐለ ክለቦች በፕሪሚየር ሊጉ ሊጫወቱ በተቀጠሩበት ጊዜ ከጨዋታው አስቀድሞ በከተማዋ ውስጥ ግጭት ተነሣ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ንብረት ወደመ፤ ጨዋታውም ሳይካሄድ ቀረ።

ያን ዕለት ስልክ የደወለልኝ ዘመዴ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማነው የጀመረው?» የሚል ነው። «ማነው የሞተው?» ብዬ የጠየቅሁት በኋላ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስለዚህ ቅደም ተከተል ብዙ አሰብሁ። እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል።

«ይህ የስፖርት ጉዳይ አይደለም፤ ፖለቲካው ነው ሜዳ የገባው» የሚሉ አሉ። አልክድም። አገሪቱ በዚያ ዓመት በምን ላይ እንደነበረች ሁላችንም እናውቃለን፤ ኳሱ ባይኖርም ቁጣው ሌላ መውጫ ባላጣ ነበር። ቢሆንም ይህ መልስ የባለሜዳውን ዕዳ አይሰርዝም። በፖለቲካ የተጣላ ሰው ቤቱ የገባውን እንግዳ የሚመታበት ሕግ በወሎ አልነበረም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼ አይደለም።

በ1992 ዓ.ም. ገደማ፣ እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የትምህርት ቤቶች የኳስ ውድድር ሐራ ላይ ተደረገ። ሆቴል ይያዝ የሚል ሰው አልነበረም። ገሚሱ ተማሪ በየክፍሉ ጭድ ተጎዝጉዞለት አደረ፤ ገሚሱ በየቤቱ ተከፋፈለ። አያቴ ዘንድ ሁለት ልጆች ደረሷት። አንደኛው በረኛ ነበር። ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ በላ፤ በአንድ ቁርበት ተኛን። በማግሥቱ የእኛ ትምህርት ቤት ከእነርሱ ጋር ገጠመ። 1 ለ 0 አሸነፉን፤ በመጨረሻው ደቂቃ ያገኘናትን ፍጹም ቅጣት ምትም ያ አብሮኝ ያደረው ልጅ አዳናት።

ከጨዋታው በኋላ እኛ ልጆች በትምህርት ቤቱ በር ላይ ድንጋይ ይዘን ቆምን። እኔም ይዤ ነበር። አያቴ ነጠላዋን አጣፍታ እንግዶቿን ልትወስድ መጣች። እጄን አየችና ቆመች።

«እኒህ ልጆች ትናንት ራታቸውን የበሉት ከማን ቤት ነው?» አለችኝ።

«ከእኛ ቤት» አልሁ።

«እንግዲያ ድንጋዩን መጀመሪያ እኔ ላይ ጣለው። ያበላኋቸው እኔ ነኝ።»

ድንጋዩን የት እንዳደረስሁት አላስታውስም። የማስታውሰው አያቴ ሁለቱን ልጆች በግራና በቀኝ ይዛ በመካከላችን ስታልፍ፣ ከእርሷም በኋላ ሌሎች እናቶች እንደዚያው እየገቡ እንግዶቻቸውን ይዘው ሲወጡ ነው። እስላሟም ክርስቲያኗም ነበሩ። ልጆቹን የጫነው አይሱዙ እስኪነሣ ድረስ እናቶቹ ከመኪናው አጠገብ አልተነቃነቁም። ፖሊስ አልነበረም፤ የሚያስፈልገውም አልነበረም። መንገደኛ መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል ማንነቱ ሳይጠየቅ የሚገባበት አገር ሕጉን እንዲህ ነበር የሚያስከብረው።

አያቴ ኳስ አታውቅም። ግን ጃካርታ ላይ ሺህ ሰው ያልገባውን አንድ ነገር ታውቅ ነበር፤ እንግዳው የሚያሸንፈው ቡድኑን ነው፣ ባለቤቱን የሚያሸንፈው ግን የገዛ እጁ ነው።

ከኅዳር 2010 ወዲህ የሆነውን በአጭሩ ላስታውስ። አንዳንድ ጨዋታዎች ወደ «ገለልተኛ ሜዳ» ተዘዋወሩ። የወልዲያም ክለብ በዚያው የውድድር ዓመት ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ፣ በኮቪድና በቴሌቪዥን ሥርጭት ምክንያት፣ ክለቦቹ ሁሉ ተሰብስበው በተራ በተመረጡ ከተሞች፣ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እንዲጫወቱ ተደረገ። በዚህ አሠራር ከአስተናጋጁ ከተማ ቡድን በቀር ሁሉም እንግዳ ሆነ። ለቴሌቪዥኑ መልካም ነው። ለእኔ ግን ጥያቄ አለው። እንግዳ የማይመጣበት ከተማ እንግዳ መቀበልን ከየት ይማራል? ገለልተኛ ሜዳስ ቢሆን ጠብን ያበርድ ይሆናል እንጂ ማንን ከማን ያስታርቃል?

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በጦርነቱ ሥር ወደቁ። ሐራም የድርሻዋን አገኘች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግጭት ክልሉን ያዘው። ሐራ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣውና ወደ መቐለ የሚቀጥለው ሁለት የባቡር መስመር እንዲገናኙባት በዕቅድ የተመረጠች ከተማ ናት። ሥራው በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር ስንት ቤተሰብ ስንት ነገር አልሞ ነበር! ባቡሩን ስትጠብቅ ብዙ ዓመት አልፏል። እንግዳ እንድትቀበል የታሰበች ከተማ እንግዳዋን እየጠበቀች ሳለ በሩን ያንኳኳው ጦር ሆነ።

በዚህ ሁሉ ላይ የባድሜንተን ሻምፒዮና ማንሣት ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኔም የሳቅሁት ለዚህ ነበር። ሲያስቡት ግን ቀልድ አይደለም። የክልል ስም በደረቱ ላይ የለጠፈ ወጣት፣ ራኬትና አምስት ግራም ገደማ የምትመዝን ላባ ይዞ ወደ ትንሽ ከተማ ቢመጣ፣ ተሸንፎ ወይም አሸንፎ፣ በልቶና አድሮ በሰላም ቢመለስ፣ በዚያ ስታዲየም ያልሆነልን ነገር ሆነ ማለት ነው። ትልቁን ድግስ ያበላሸ ሰው በትንሹ ቡና መጀመር አለበት።

ከለቅሶው ልንነሣ ስንል ጓደኛዬን ያላለቀውን ወሬ አስታወስሁት።

«አዳራሹስ እሺ ይሠራ። ሐራ ግን ይህን ሁሉ ቡድን የሚያሳድር ሆቴል የላትም። እንግዶቹ የት ያድራሉ?»

ጥያቄው የገረመው መሰለ።

«በየቤታችን ነዋ» አለኝ። «ትዝ አይልህም? እናንተ ዘንድ እኮ በረኛው ነበር ያደረው።»

ጓደኛዬም ያን ዕለት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ድንጋይ ይዞ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም።